«በረዶ የለም» እየተባለ የሚቃጠል ሞተር

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ስለ ኩላንት ያነሳ ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ እዚህ አገር በረዶ የለ፤ ውሃ ይበቃል!» ይህን የሚሉት ደንታ ቢሶች አይደሉም፤ ብዙዎቹ እጃቸው የተባረከ መካኒኮች ናቸው። ግን ይህች አባባል የስንቱን ሰው ቴስታታ እንዳጣመመች ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ መኪና ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። በመሐል የቀረችው ትንሽ ናት። ሞተሩን የሚያተርፈው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ጎማውና ሞላው ደህና ከሆኑ ግፊቱን አፍኖ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ጎማው ከደረቀ ግን ያው ድስት ሆነ ማለት ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ኮፈን ከፍቶ የቆመ መኪና ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

በረዶ ባይኖርም ዝገት አለ። የቧንቧ ውሃ ኖራና ጨው ይዞ ይገባል፤ ብረት ብሎክና አሉሚኒየም ቴስታታ በአንድ ውሃ ሲነከሩ ደግሞ መበላላታቸው አይቀርም። ኩላንቱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ ዝገት የሚከላከለው ቅመም በጊዜ ያልቅና ፈሳሹ ራሱ ወደ አሲድነት ይሄዳል።

ባለቤቷ ውጭ አገር ሄዶ ለዓመታት ግቢ ውስጥ የቆመች አንዲት ዲኤክስ መኪና ራዲያተሯና ብሎኳ ሲታጠብ አጠገቧ ነበርኩ። የራዲያተሩ የታች ማፍሰሻ ሲከፈት ቀላ ያለ ውሃ ወጣ፤ ብዙም አያስደነግጥም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይበቃዋል። መካኒኩ ግን ከሥር ገብቶ ብሎኩ ጎን ላይ ያለችውን ቡሎን ፈታ። ምንም ጠብ አላለም። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ቀስ እያለ ሲጎረጉር ቆየና የጠላ አተላ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ጭቃ ይንዠቀዠቅ ጀመር። በጣቴ ሳሸው አሸዋ አሸዋ ይላል። ከራሱ ከብሎኩ የተላጠ ብረት ነው። ራዲያተሩን ብቻ አፍስሶ አዲስ ኩላንት የሞላ ሰው ገንዘቡን በዚያ ጭቃ ላይ ነው የሚያፈሰው።

ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ክዳኑ ይከፈታል፤ በትኩሱ የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል። የካቢኑ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ይደረግ፣ አሮጌው ፈሳሽ እዚያም ይደበቃልና። ንጹሕ ውሃ ሞልቶ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ማስነሳት፣ አጥፍቶ ማቀዝቀዝ፣ ማፍሰስ፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ደጋግሞ እንዲሁ። ቸኩሎ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መጨመር ቴስታታ ይሰነጥቃል። ኮስቲክ ሶዳ የሚያቀርብላችሁ ካለም እንቢ በሉ፤ አሉሚኒየም ይበላል።

ቴርሞስታቱን «ለአገራችን አይሆንም» ብሎ አውጥቶ መጣልንም አጥብቄ እቃወማለሁ። ያለ እሱ ሞተሩ በጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ያልቃል። የተበላሸ ከሆነ በአዲስ ይተካ።

«አርፎ የተቀመጠውን ብትነካው ያፈሳል» የሚለው ፍርሃት ግን ይገባኛል፤ እውነትም አንዳንዴ ከእጥበት በኋላ ራዲያተሩ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ያ ቀዳዳ የቆየ ነው፤ ዝገቱ ደፍኖት ነበር። ከከተማ ሳይወጡ ጋራዥ ውስጥ መታየቱ አዋሽ በረሃ ላይ ከመታየቱ ይሻላል።

ሲሞላ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይደባለቃሉ። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ የሚባለው ቀለም አምራቹ የመረጠው እንጂ የዓይነት ማረጋገጫ ስላልሆነ ጽሑፉን አንብቡ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑ ተከፍቶ ይነሳና አረፋው እስኪያበቃ ይሥራ፤ ውስጥ የቀረ አየር እንደ ውሃ እጥረት ነው የሚጎዳው።

የፈሰሰውንም እባካችሁ ቦይ ውስጥ አትድፉት። ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ሕፃን ይቀምሰዋል፤ ኩላሊት አበላሽቶ ይገድላል። ክዳን ባለው ጀሪካን አድርጋችሁ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡት፤ የውሃ ወይም የዘይት ጀሪካን እንዳይመስልም «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት።