ምች አይደለም

ወንድሜ በ2005 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንቅልፍ ተወ። ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋል፣ ይዘምራል፣ ጎረቤት ቀስቅሶ ስለሚከፍተው ፋብሪካ ያወራል። የወር ደመወዙን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለማያውቃቸው ሰዎች አድሎ ባዶ ኪሱን ገባ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ለወራት ተኝቷል፤ እናታችን ናት እያጎረሰች ያቆየችው። ሁለቱ የአንድ በሽታ ሁለት ፊት መሆናቸውን የነገረን የአእምሮ ሐኪሙ ነው። ባይፖላር ይባላል አለን። የበሽታው ስም መታወቁ ብቻ እናቴን አሳረፋት፤ ሰፈሩ «ጨርቁን ሊጥል ነው» እያለ ነበር የሰነበተው።

የታዘዘለት ካርባማዘፒን ነው። ብዙ ሰው ቴግሬቶል በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። በ1950ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የተገኘ መድኃኒት ሲሆን መጀመሪያ የሚጥል በሽታንና የፊት ነርቭ ሕመምን ለማከም ዋለ። ከልክ ያለፈ የስሜት መነሳሳትንም እንደሚያበርድ ያስተዋሉት በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ሐኪሞች ናቸው። እኛ አገር ሊቲየም እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ በየከተማው የለም። ካርባማዘፒን ግን ዋጋውም ይቀመሳል፣ ሲፈለግም ይገኛል። መድኃኒቱን ልከስ እንዳልተነሳሁ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ስንቱን ሰው ከታሰረበት አስፈትቶ ወደ ሥራውና ወደ ትዳሩ የመለሰ ኪኒን ነው። ወንድሜም በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ተኝቶ አደረ፤ ጠዋት ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ እስከ በረካ ቡና ጠጣ።

ፋርማሲው ኪኒኑን የሰጠን ከትልቅ ዕቃ ቆጥሮ በትንሽ የወረቀት ፖስታ ነው። ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ «1×2» ተጽፎበታል። በዚህ መልክ የሚታደል ኪኒን መግለጫ ወረቀት አብሮት አይመጣም። ያስረከበችን ባለሙያ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» አለችን። ሐኪሙ በበኩሉ «እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ይሆናል፣ ግን እንዳያቋርጥ አደራ» ብሎናል። ከዚህ ሌላ የተነገረን ነገር የለም።

ሦስተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ትኩሳት ያዘው። «እታለም፣ ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፣ ዓይኔንም ይቆረቁረኛል» አለኝ። በማግሥቱ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሄደ፤ አፉን አስከፍተው አይተው ቶንሲል ነው ብለው አሞክሲሲሊን ሰጡት። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ይኑር አይኑር የጠየቀው የለም። በዚያው ሌሊት ከንፈሩ አብጦ ቆሰለ።

ትኩሳትና የከንፈር ቁስል አንድ ላይ ሲመጡ በእኛ ቤት ስሙ የታወቀ ነው። «ምች መታው» አለች አክስቴ። የጎረቤታችን እማማ ከጓሮ ዳማከሴ ቀንጥሰው መጡ፤ በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን ግንባሩ ላይ ቀቡት፣ ጥቂቱንም በቡና አጠጡት። ቅባት የነካው ምግብ በልቶ ፀሐይ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቁን። በዳማከሴ የማምን ሰው ነኝ፤ ጉንፋንና ራስ ምታት ሲያሻል በዓይኔ አይቻለሁ። እማማም ከፍቅር በቀር ያመጡት ነገር የለም። ነገር ግን እናቴ ማታ ማታ ሰዓቱን ጠብቃ ከዚያ የወረቀት ፖስታ አንድ ኪኒን ታወጣለች፤ «እንዳያቋርጥ አደራ» ተብላለች። መዋጥ ሲያቅተው በማንኪያ በጥብጣ ሰጠችው።

ቀጥሎ ደረቱ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ፤ ወደ ፊቱና ወደ ክንዱ ተዛመተ። አክስቴ ኩፍኝ ነው ወደ ማለት አዘነበለች። እኔን ያስደነገጠኝ ሽፍታው ራሱ አልነበረም። ነጠላ ሳለብሰው እንኳ ይጮኻል። ምች የሚታወቀው ከንፈር ጫፍ ላይ በሚወጣው ውኃ ያዘለ ቁስል ነው፤ የወንድሜ ግን ከንፈሩ ከዳር እስከ ዳር፣ የጉንጩ ውስጥና ምላሱ ሳይቀር ተልጦ ነበር። ዓይኖቹ በዓይን አር ተጣብቀው አልገለጥ አሉ። ታክሲ ተከራይተን ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ገባን።

ተረኛዋ ሐኪም ገና ልጅ ናት። ትኩሳቱን ሳትለካ፣ ጉሮሮውን ሳታይ የጠየቀችን «ምን መድኃኒት ይወስዳል? መቼ ጀመረ?» ብላ ነው። ፖስታውን ሰጠኋት። ኪኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ የትከሻውን ቆዳ ጫን ብላ ገፋ አደረገችው። የላይኛው ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንሸራቶ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ታየ። እናቴ ሰማዕቱን ጠራች።

«ምች አይደለም እማማ። መድኃኒቱ ነው። ከአሁን ጀምሮ አንድም እንዳይወስድ» አለች ሐኪሟ።

የያዘው በሽታ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ይባላል። በፈረንጆቹ 1922 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት የሕፃናት ሐኪሞች፣ ስቲቨንስና ጆንሰን፣ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የዓይን መመረዝና ሽፍታ አንድ ላይ የያዟቸውን የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች አክመው ጽፈው ነበር፤ ስሙ ከዚያ መጣ። በ1956 ደግሞ ስኮትላንዳዊው የቆዳ ሐኪም አለን ላይል ከዚህ የከፋውን፣ ቆዳው ከሰውነት በሰፊው የሚገፈፍበትን ዓይነት ገለጸ። ዛሬ ሐኪሞች ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ ያስቀምጧቸዋል። የተላጠው ከሰውነት ገጽ 10 በመቶ በታች ከሆነ የመጀመሪያው ነው፤ ከ30 በመቶ ካለፈ ሁለተኛው ነው፣ ከሱ የሚሞተውም ከሦስት ሰው አንዱን ይጠጋል። ወንድሜ በሁለቱ መካከል ነበር። ምክንያቱ ደግሞ የሚገርም ነው፤ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ያሳስተዋል፣ ነጭ የደም ሴሎችም የራሱን ቆዳ እንደ ጠላት ቆጥረው ይገድሉታል። ኪኒኑ መርዝ አልነበረም፣ መጠኑም አልበዛም። ትክክለኛ መድኃኒት በትክክለኛ መጠን ተሰጥቶትም የሚደርስ ነገር ነው።

አልጋ ክፍል ከገባን በኋላ የቆዳ ስፔሻሊስቱ በግልጽ ነገሩን። «ይህን የሚያቆም መርፌ የለኝም። መድኃኒቱን አቁመናል፣ ከእንግዲህ የምናክመው እንደ ተቃጠለ ሰው ነው።» እንደተናገሩትም ሆነ። ግሉኮስና ጨው ያለው ፈሳሽ እየተለካ ይገባል፣ የሚወጣው ሽንትም ይለካል። ቆዳ የሌለው ሰው ይበርደዋልና ክፍሉ መሞቅ አለበት። በቫዝሊን የራሰ ጎዝ ሲለወጥ ወንድሜ የሚያወጣውን ድምፅ አልገልጸውም። አንሶላ ከገላው ጋር እየተጣበቀ ቆዳ ይዞ ይነሳል፤ ሲስተሮቹ አንሶላውን በንጹሕ ውኃ አርሰው፣ ጣት በማያህል ስፋት ቀስ በቀስ ነበር የሚያላቅቁት። እነዚያን ሴቶች ዕድሜዬን ሙሉ ስመርቃቸው እኖራለሁ።

ከሁሉ የከበደን ጠያቂ መከልከሉ ነው። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም፤ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ብርቱካንና ጁስ ይዞ ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ እጁን ይዞ ይጸልያል። ቆዳው የተገፈፈን ሰው ግን በአብዛኛው የሚገድለው ኢንፌክሽን ነው። እናቴ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ጠያቂውን ሁሉ እያቀፈች ትመልስ ጀመር። የተቀየመ ዘመድ ነበር፤ እስከ ዛሬም ያልረሳ አለ።

ዓይኑን ያዳኑት አንዲት የዓይን ሐኪም ናቸው። ማንም ሳይጠራቸው በየቀኑ እየመጡ፣ የዓይን ቆቡ ከብሌኑ ጋር እንዳይጣበቅ በጥንቃቄ እየለያዩ፣ በየሰዓቱ ጠብታ እንዳደርግለት አስተማሩኝ። ቆዳ ተመልሶ ይበቅላል፣ ዓይን ግን ጠባሳ ከያዘ አይመለስም አሉኝ። ከዚህ በሽታ ተርፈው የታወሩ ሰዎች መኖራቸውን የሰማሁት ከሳቸው ነው።

በዚህ መሐል የመጀመሪያው በሽታ አልተኛም። ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ወንድሜ በዚያ ቁስል ላይ ሆኖ እንቅልፍ አጣ፤ በተላጠ ከንፈሩ ያለ ማቋረጥ ያወራል፣ ግሉኮሱን ሊነቅል ይታገላል። የአእምሮ ሐኪም ተጠርቶ ሃሎፐሪዶል በትንሹ ጀመረለት። ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ለካርባማዘፒን በጠባያቸው ስለሚቀርቡ ወንድሜ ሊነካቸው እንደማይገባ የተጻፈውም ያን ጊዜ ነው። አጎቴ ግን ቆርጦ ነበር። «ኪኒን ገደለው፣ ከእንግዲህ ኪኒን የሚባል በዚህ ቤት አይገባም፤ ጸበል ይሂድ» አለ። ከአጎቴ ጋር በዚህ ተጣላሁ። ጸበሉን አልተቃወምኩም፤ በኤች አይ ቪ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ያዙ ብለው አስተምረዋል። ነገር ግን አንድ መድኃኒት ቆዳውን ስለገፈፈው የአእምሮ ሕመሙን ሳይታከም መተው ማለት፣ ከአንድ ሞት አውጥቶ ለሌላ ሞት መስጠት ነው። ይህ በሽታ ሳይታከም ሲቀር ሰው ራሱን እስከ ማጥፋት ያደርሳል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሶዲየም ቫልፕሮኤት ተጀመረለት፤ ቀስ ተብሎ፣ በየጊዜው ደሙ እየታየ። ተስማማው።

ቆዳው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሰ፤ ደረቱና ጀርባው ላይ ግን ዥንጉርጉር ጥቁርና ነጭ ምልክት ቀረ። ጥፍሮቹ ወድቀው በቀሉ። ዓይኑ እንባ ስለማያመነጭ ጠብታ ከኪሱ አይለይም፤ ፀሐይ ስለማይችል ጥቁር መነጽር ያደርጋል።

ሆስፒታሉ ሲያስወጣን የተሰጠው ወረቀት ላይ የካርባማዘፒን ስም በቀይ ተጽፎ ነበር። ወንድሜ ወረቀቱን አሳንሶ አስቀድቶ፣ በላስቲክ አስለብጦ ከመታወቂያው ጋር ያዘው። ከዓመታት በኋላ በመስክ ሥራ ላይ እያለ ፊቱን የነርቭ ሕመም ያዘውና አንድ ጤና ጣቢያ ኪኒን አዘዙለት። የንግድ ስሙ ሌላ ነው፣ ፋብሪካውም ሌላ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያነበበው እሱ ራሱ ነው፤ ካርባማዘፒን 200 ሚሊግራም። ካርዱን አውጥቶ አሳያቸው፤ ለውጠው ሰጡት። ዳግመኛ ቢውጠው ኖሮ የሚመጣው ከመጀመሪያው ይከፋ ነበር።

ይህ ጉዳት እምብዛም የማይገጥም ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ አብዛኛው ሕዝባቸው ነጭ በሆነ አገሮች ካርባማዘፒን አዲስ ከሚጀምሩ 10,000 ሰዎች ከ1 እስከ 6 የሚሆኑትን ይይዛል፤ በአንዳንድ የእስያ አገሮች ግን አሥር እጥፍ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2004 የታይዋን ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙ። ከካርባማዘፒን የተነሳ በስቲቨንስ ጆንሰን የታመሙ 44 ሰዎችን ሲመረምሩ፣ ሁሉም ኤችኤልኤ ቢ 1502 የተባለውን የዘር ምልክት የያዙ ሆነው ተገኙ። ዛሬ የዘር ሐረጋቸው ከዚያ አካባቢ የሆኑ ሰዎች መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት ደማቸው እንዲመረመር ይመከራል። ይህ ምልክት በአፍሪካውያን ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ምርመራው ለእኛ ብዙም አይጠቅመንም። የሚጠብቀን ቀድሞ መስማትና ቶሎ ማየት ነው።

ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ እሷም ለባይፖላር ላሞትሪጂን ትወስዳለች። እሱም ቆዳን የሚጎዳ መድኃኒት ነው፣ በተለይ መጠኑ በፍጥነት ሲጨምር ወይም ከቫልፕሮኤት ጋር ሲሰጥ። ከ25 ሚሊግራም ጀምረው በየሁለት ሳምንቱ ነው ከፍ ያደረጉላት። ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን ሽፍታ ካየች አቁማ እንድትደውል ነገራት፤ ፋርማሲስቱም ደገመላት። ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

እዚህም ሁለት ደቂቃ አይጠፋም። ካርባማዘፒን፣ ላሞትሪጂን፣ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል የምታዝዙና የምታድሉ ሁሉ፣ ታማሚውንም አስታማሚውንም በሚገባቸው ቋንቋ እንዲህ በሏቸው፦ «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትኩሳት ከሽፍታ ጋር፣ ወይም የአፍ ቁስል፣ የዓይን መቅላት፣ የቆዳ ሕመም ካያችሁ ኪኒኑን በዚያው ሰዓት አቁሙና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ኑ፤ ፖስታውንም ይዛችሁ ኑ።» ፖስታው ላይ ከ«1×2» ጎን የመድኃኒቱን ስም በአማርኛ ጻፉበት።