እንጦጦ ወጥቼ የእናቴን ቤት አየሁት

መቼም የእኛ ዕድሜ ፍቅረኞች ችግር ፍቅር አይደለም፤ ጣራ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ስንቆይ የምር የተጣላነው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም የሚከራይ ቤት ፍለጋ የወጣን ዕለት። ደላላው ያሳየን ቤት ወጥ የሚሠራበትና የሚተኛበት ያው አንድ ክፍል ሆኖ፣ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ የሚጠየቅበት ነው! ተኳርፈን ስንመለስ "ከዚህስ እናትህ ቤት ላይ ፎቅ ብንሠራ ይሻለናል" አለችኝ። እሷ የቀለደች መስሏት ነው። እኔ ግን ያዝኳት።

የእናቴ ቤት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከሀገር ልብስ ሱቆቹ ጀርባ፣ ቁልቁል በምትወርድ ቀጭን መንገድ ላይ። ተወልጄ ያደግሁበት ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት። ንድፍ የሚሞካክር አንድ ጓደኛዬ በአንድ ምሽት ፕላን ሠራልኝ። ከላይ ሁለት ክፍል በእንጨት፣ የጣውላ ወለል፣ ፊት ለፊት በረንዳ፣ ከኋላ የውሃ ታንከር። ከታች ደግሞ የሳሎኑ የፊት ግድግዳ ይነሣና ለሱቅ ይከራያል። ምን ልበላችሁ፣ ሲያዩት ያምራል! እጮኛዬ በረንዳውን በስልኳ አንስታ ለእህቷ ላከችላት። ለጥር የቆረጥነው ሠርግ በድንኳን ይበቃዋል፣ ገንዘቡ ለጣውላ ይሁን ተባባልን። (የፈቃዱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ለዛሬ ይቆየን።)

ታዲያላችሁ ፕላኑን ይዤ የአባቴ ጓደኛ የነበሩ አንድ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እጃቸው ግን ዛሬም መዶሻ አልፈታም። ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና "ሥዕሉስ ቆንጆ ነው። ቤቱ የታለ?" አሉኝ።

"ይኸው ጋሼ።"

"ይኼማ ላይኛው ነው። የሚሸከመው የታለ?"

እውነትም ጓደኛዬ የእናቴን ቤት በአራት መስመር ብቻ ነበር ያሰመረው። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና "እሑድ እንጦጦ እንወጣለን" አሉ። ሳቄ መጣ። ስለ ፎቅ ላማክር ሄጄ ሽርሽር ታዘዘልኝ!

እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ በሚኒባስ ሽቅብ ወጣን። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። የባህር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይከፍታል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ከመጣ ወዲህ እንጦጦ የወጣቱ መዝናኛ፣ የፎቶ መነሻ ሆኗል። ከፎቶው ጀርባ ግን አሁንም ወገባቸው እስኪጎብጥ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ጋሼ እንጨቱን በዓይናቸው ሸኙትና ስለ ባህር ዛፍ ማውራት ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥዱም ወይራውም ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ አለቀ። ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ከውጭ የመጣው፣ በዘሩ አውስትራሊያዊ የሆነው ባህር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አደገና ከተማዋን ካለችበት አስቀራት። እኛ "የጭቃ ቤት" የምንለውም እኮ በውስጡ የባህር ዛፍ ቤት ነው። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ እንጨት፤ ጭቃው ልብስ ነው። ልብሱን አይቶ ስለ አጥንቱ የሚናገር አናጢ የለም።

እንጦጦ ማርያም ደረስን። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንግሥና ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። አጠገቧ ያለው የ1870ዎቹ ቤተ መንግሥታቸው ነው። "ቤተ መንግሥት" ሲባል ወርቅና ዕብነ በረድ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል፤ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ በኖራ የነጣ፣ ጣራው በእንጨት የተዋቀረ ሣር ክዳን። አስጎብኚው ስለ ንጉሡና ስለ ንግሥቲቱ ሲያወራ ጋሼ አንገታቸውን ቀልብሰው ጣራውን ያያሉ።

"ጣትህን አንሣ" አሉኝ። አነሣሁ። "ሣሩ ማን ላይ ተኝቷል? ማገሩ ላይ። ማገሩስ? ወራጁ ላይ። ወራጁስ? ግድግዳው ላይ። ግድግዳውስ? መሠረቱ ላይ። መሬት እስክትደርስ ጣትህ ማረፊያ ማጣት የለበትም። ጣትህ አየር ላይ ከቀረ ቤቱም አየር ላይ ነው።"

ውጭ ወጥተን ቁጭ አልንና በእኔ ፕላን ላይ ጣቴን አስኬድኩ። ከበረንዳው ጣራ ጀመርኩ፤ ወደ በረንዳው ቋሚ ወረድኩ፤ ከቋሚው በታች… የሱቁ በር! ይነሣል የተባለው ግድግዳ ክፍተት መሀል ላይ ጣቴ ተንጠልጥሎ ቀረ። እፍረቴን ለመደበቅ ሳልኩ።

ጋሼ አላዘኑልኝም። ከመሬት አራት ጭራሮ ለቅመው ማዕዘናቸውን በሽቦ አሰሩና አራት ማዕዘን ሠሩ። በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ዘመም አለ። አምስተኛ ጭራሮ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲያስሩበት ግን ቢገፉትም አልነቃነቅ አለ። የእንጨት ቤት ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ አራት ማዕዘን ይታጠፋል፣ ሦስት ማዕዘን አይታጠፍም። በጭቃ ቤት ውስጥ ሰያፍ ከሌለ የሰያፉን ሥራ በከፊል የሚሠራው በማገሩ ላይ የተመረገው ጭቃ ነው። ስለዚህ ለሱቅ ብሎ የፊት ግድግዳን ማንሣት ማለት ቤቱን ከያዘው እጅ አንዱን መቁረጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ እናቴ በነጠላዋ እየሮጠች የወጣችበት ሌሊት ትዝ አለኝ። የእኔ ፕላን ላይ አንድ ሰያፍ አልነበረም። ጓደኛዬ "መስኮቱን ያበላሻል" ብሎ ነው የተወው።

ቀጠሉ። ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ ሳሎኑን በአንድ ዝላይ አራት ሜትር ተኩል ይሻገራል። ጣውላ አስተኝተው ሲረግጡት ይሰምጣል፤ በጠርዙ ቢያቆሙት አይሰምጥም። የአግዳሚው ቁመት እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው አራት እጥፍ፣ ላለመጉበጥ ያለው አቅም ደግሞ ስምንት እጥፍ ነው። በተቃራኒው ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ መሀሉ ላይ የቆመ ያው ሰው ስምንት እጥፍ ያጎብጠዋል። የእኛ ፕላን ደግሞ ቀጫጭን ሞራሌ ነበር ያዘዘው፤ ርካሽ ነዋ!

"ይኼ ከኋላ ያለው ክብ ምንድነው?" አሉኝ።

"የውሃ ታንከር ነው ጋሼ። አንድ ሺህ ሊትር።"

"አንድ ሺህ ሊትር አንድ ሺህ ኪሎ ነው። አሥር ኩንታል ጤፍ እናትህ አልጋ ላይ ልትሰቅል ነው?"

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ወረድን። ጋሼ ቡናቸውን ሳይጠጡ መጀመሪያ በሩን አዩት። እናቴ "በየክረምቱ ይይዛል፤ ይኼ ልጅ በየዓመቱ ይልገዋል" አለች። ጋሼ በሩን ዘጉና ከላይ ያለውን ክፍተት አሳዩኝ፤ በአንዱ ጥግ ጣት ያስገባል፣ በሌላው ጥግ ወረቀት አያስገባም። እንጨት በእርጥበት ሲያብጥ በሩ ይጠብባል እንጂ ክፍተቱ ሽብልቅ አይመስልም፤ ሽብልቅ ከሆነ ያዘመመው ቤቱ ነው። እናቴ ስንት ዓመት ስትነግረኝ እኔ በሩን ስልግ ኖሬያለሁ!

ክር ላይ ድንጋይ አስረው ከጣራው ክፈፍ ሥር አንጠለጠሉ። ቤቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው በኩል ሦስት ጣት ያህል አዘንብሏል። በዚያ በኩል አሸንዳ የለም፤ የጣራውም የልብሱም ውሃ የሚወርደው እዚያው ነው። ግድግዳው ደግሞ በሲሚንቶ የተለሰነ። ያስለሰንኩት እኔው ነኝ፤ በመጀመሪያ ደመወዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ በኩራት። ለካ ሲሚንቶው የገባውን እርጥበት መውጫ ከልክሎት፣ የሚበሰብሰውንም እንጨት ሸፍኖልኝ ነበር።

ጋሼ ከግርጌው ትንሽ ልስን አነሡና ካቻቢቴውን ሰጡኝ። "ውጋ።" ቋሚውን ደረቴ አካባቢ ወጋሁት፤ ደረቅ ነው፣ ነጠረብኝ። "ዝቅ በል።" መሬቱን ወጥቶ አየር ከሚያገኝበት ቦታ ላይ ወጋሁት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። እንደ ቅቤ! እንጨት ቶሎ የሚሞተው እዚያ ነው፤ እርጥበቱም አየሩም ስለሚገናኙ። ያንን ወገን አንድ በአንድ አንኳኳን፤ ጤነኛው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የሞተው እንደ ቅል ያስተጋባል። አራት ቋሚ ሞቷል። በአንዱ ላይ የምስጥ የአፈር መንገድ እንደ ደም ሥር ሽቅብ ወጥቷል። በዚያ ግድግዳ በኩል ደግሞ የእናቴ አልጋ አለ።

ማክሰኞ ለእጮኛዬ ነገርኳት። ማኪያቶዋን ስታማስል ቆየችና "በረንዳው ቀረ ማለት ነው?" አለች። "ቀረ" አልኳት። ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ሂሳቡን ራሷ ከፍላ ወጣች። አለቀ ብዬ ነበር። ቅዳሜ ግን አሮጌ ጫማ አድርጋ ሽሮ ሜዳ መጣችና "ካቻቢቴው የታለ?" አለችኝ። አምስተኛውን የሞተ ቋሚ ያገኘችው እሷ ናት፤ ከጓዳው በር ጀርባ። እኔና ጋሼ አልፈነው ነበር።

የሠርጉ ብር ወደ ቋሚ ተቀየረ። እኔ እርጥቡን ባህር ዛፍ በርካሽ ላንሣ ስል ጋሼ ተቆጡ፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ምስማሩ ይላላል። ደረቅ ገዛን። አዲሶቹ ቋሚዎች እንደ ድሮዎቹ አልተቀበሩም፤ ከመሬት ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ከታች ከድንጋዩ፣ ከላይ ከአግዳሚው ጋር ታሰሩ፤ በመሀላቸውም ሰያፍ ገባ። ሥራው የሚሄደው ቀስ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ጣራው በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዛል፣ ከዚያ አንዱ ቋሚ ይነሣል፣ አዲሱ ይተካል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማንሣት የለም። እናቴ ለጊዜው ጎረቤት ታድራለች፤ ማታ ማታ መጥታ ክሩን ታየዋለች።

የምንኖረው እንግዲህ ምድር ቤት ነው፤ የኋላዋ ክፍል ለእኛ ተሰጥታናለች። አሸንዳው ቆርቆሮው ተገዝቶ ሰቃዩን ይጠብቃል። ሠርጉ ከጥር ወደ ግንቦት ተገፋ። ይህን ለእጮኛዬ እናት የነገረ ሰው እስካሁን የለም። ጋዜጣ አያነቡም ብዬ ነው የጻፍኩት።