ስቴክ ቤት ገብተን ዓሣ በላን

ኢስትሊ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠንን ሶማሌ ነጋዴ ዌስትላንድስ ወደሚገኝ ዘመናዊ ስቴክ ቤት እራት ጋበዝነው። የእስያ ቅመም የበዛበት፣ መብራቱ ደብዘዝ፣ ሙዚቃው ሞቅ ያለ ቤት ነው።

ችግሩ ሥጋው ነበር። እሱ ሐላል ካልሆነ አይነካም፤ ከእኛም መካከል የክርስቲያን ካልሆነ የማይበሉ አሉ። አገር ቤት ሠርግ ሲሆን ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል። እዚህ ግን በዝንጅብልና በሶያ ሶስ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝና አትክልት አዘዝን፤ መጠጡም ለስላሳ ሆነ። ሁላችንም ከአንድ ሳህን በላን።

ዋጋው 16 በመቶውን ቫት መጨመሩን ጠይቀን በኤምፔሳ ከፈልን። የዱቤውን ነገር ያነሳነው ከቡና በኋላ ነው፤ 30 ቀን ጨመረልን። እናንተም ስትጋብዙ፣ ቤት ከመምረጣችሁ በፊት እንግዳችሁ የሚበላውን ጠይቁ።