ሰንበት ለበሬም ናት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ ደጀንን ካለፈ በኋላ የጎጃምን ደጋ ያገኛል። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝም ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የዛሬ ስሟን ያገኘችው፥ በ1873 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከበታቹም የጤፍ አገር ተዘርግቷል። እኛ ግን ለውድ አንባብያን ልናወጋ የወደድነው በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ ከከተማይቱ ወጣ ባለ አንድ መንደር ስላየነው እንቢተኛ ወይፈን ነው።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት፥ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ሽማግሌ አባታቸውና የ16 ዓመት ልጃቸው አብረዋቸው ይኖራሉ። ከጥማዱ አንዱ በሬ በበጋው ስለ ሞተ፥ የቀረው ቦራ የሚሉት አሮጌ በሬ ብቻ ነው። ዳልቻ የተባለው ወይፈን ክረምቱ ሳይገባ ካልተገራ፥ መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ማጣት ግድ ሊሆን ነው። ጤፍ ደግሞ አራት አምስት ጊዜ የታረሰ መሬት ይሻልና ጊዜው አይጠብቅም።

ግንቦት 14 ቀን ልጁ ወይፈኑን ከቦራ ጋር ጠምዶ ወደ እርሻው ወጣ። ዳልቻ ጥቂት እንደ ተራመደ ቀንበሩን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘ፤ በመጨረሻም በትልሙ ላይ ተኛ። ልጁ በጅራፍ ቢገርፈው፥ ጅራቱን ቢጠመዝዘው፥ እንደ ድንጋይ ከመሬት አልነሣ አለ። ልጁም ከንዴቱ የተነሣ አለቀሰ። አያቱ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡና፥ «ልጄ፥ አንተም እርሱም ደክማችኋል፤ ፍታው» አሉት።

በማግሥቱ ሽማግሌው ሥራውን እንደ አዲስ ጀመሩት። ቀንዱን በገመድ አስረው፥ ጨው በመዳፋቸው አስላሱት፤ ሻኛውንና አንገቱን አሹለት። ቀጥሎም ገመዱን ለልጁ ሰጥተው በግቢው ውስጥ እንዲመራው አደረጉ። ወይፈኑ ሲያፈገፍግ ገመዱ ይጠብቅበታል፤ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት ሲጠጋ ወዲያው ይላላለታል። «መከተል ዕረፍት እንደሚያመጣለት ራሱ ይወቀው» አሉ።

ግንቦት 16 ኪዳነ ምሕረት ነበረችና ሥራ አልተነካም። በ17 ዳልቻ ማረሻ ሳይጎትት፥ ቀንበር ብቻ ተሸክሞ ከቦራ ጎን ዋለ፤ ቦራ ሲቆም ይቆማል፥ ሲሄድ ይሄዳል። ከዚያም ቅዳሜና እሑድ ተከተሉ፤ እሑዱም በዓለ ጰራቅሊጦስ ነበር። ልጁ «አባባ፥ ቀኑ ሄደብን እኮ!» ብሎ ቢጨነቅ፥ አያቱ «ሰንበት ለበሬም ናት» ብለው ቀንበሩን በግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ተዉት።

ሰኞ ጧት ጥማዱ ቀላል ግንድ ጎተተ፤ ከቀትር በኋላም ቀደም ብሎ በታረሰ ለስላሳ መሬት ላይ ማረሻ ገባ። አንድ ጥማድ መሬት፥ ይኸውም ሩብ ሄክታር ያህል፥ የአንድ ቀን እርሻ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ሲሶው እንኳ አልታረሰም፤ ትልሙም ጠማማ ነበር። ነገር ግን ወይፈኑ አልተኛም፤ የልጁም ጅራፍ ከትከሻው አልወረደም። እናቲቱ ከእርሻው ዳር ቆመው በዝግታ እልል አሉ።

ነቢዩ ኤርምያስ በ31ኛው ምዕራፍ ኤፍሬምን ባልተገራ ወይፈን መስሎታል። እኛም በየቤታችን ልጆቻችን እንቢ ሲሉን፥ ቀንበሩን ሳናለማምድ ማረሻ አስረንባቸው እንደ ሆነ፥ አብሯቸው የሚሄድ ቦራም ሰጥተናቸው እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር። ያ ሽማግሌ በአንድ ሳምንት የገሩት ወይፈኑን ብቻ አልነበረም፤ የልጅ ልጃቸውንም ነው። አምላካችን ለወላጆች ሁሉ ይህን ትዕግሥት ያድልልን።