«ሣል» ከመባሉ በፊት

የግራፊክስ ኮርስ የወሰደ ሁሉ «ኦፕን ጂ ኤል ስቴት ማሽን ነው» ሲባል ሰምቷል። እኔም ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በደንብ የገባኝ ግን በክረምቱ የሜሳን ኮድ ማንበብ ስጀምር ነው። ሜሳ ብራያን ፖል እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ዛሬ ብዙዎቹ የሊኑክስ ግራፊክስ ድራይቨሮች እዚያው ውስጥ ይገኛሉ።

ፕሮግራማችን ቴክስቸር ይመርጣል፣ ሼደር ይቀይራል፣ የሚሣልበትን ቦታ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻ «ሣል» ይላል። ታዲያ ድራይቨሩ እነዚህ ሁሉ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያረጋግጠው መቼ ነው? አንድ የክፍሌ ልጅ «ሲቀየር ወዲያው ነዋ!» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። የተሳሳተ ቁጥር ብንሰጠው እርግጥ ወዲያው ያውቃል። የጠቅላላው ስምምነት ግን እስከ መጨረሻው ይቆያል። ምክንያቱም መሀል ላይ ነገሩ ጎዶሎ መሆኑ ያለ ነው። ገበታ እየተዘረጋ «ወጡስ?» ብሎ የሚጮህ እንግዳ አለ እንዴ? «ብሉ» ከተባለ በኋላ ከሌለ ነው ጥያቄው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። በአንድ ፍሬም 1,000 ጊዜ «ሣል» ብንል፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲታሰብ 60,000 ማረጋገጫ ይሆናል። የኔን አሮጌ ላፕቶፕ ለሚያውቅ ይህ ቀልድ አይደለም። ሜሳ ለዚህ ዘዴ አለው። አንድ ነገር ሲቀየር «ይህ ተነክቷል» የሚል ቢት ብቻ ያበራል። «ሣል» ሲባል ቢቱ የበራውን ብቻ እንደገና ይመረምራል፤ ካልተነካ በቃ ያልፋል። ስምምነቱ ከጎደለ ደግሞ ሳይሥል የስህተት ምልክት ያስቀምጣል።

«ፍተሻው ለምን አይቀርም?» የሚል ይኖራል። 100 ነጥብ ባለበት ቦታ 1,000ኛውን ነጥብ ሣል ቢባል፣ ካርዱ የሌላ ሰው ሜሞሪ ሊያነብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዌብ ጂ ኤል ይህን እንዲከላከል ብራውዘሩን የሚያስገድደው ለዚህ ነው፤ ኮዱ ከማናውቀው ሰው ነው የሚመጣው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቩልካን ሌላ መንገድ መረጠ። አብዛኛው ስቴት አስቀድሞ ፓይፕላይን በሚባል ዕቃ ተጠቃሎ ይዘጋጃል፤ ድራይቨሩ በየ«ሣሉ» ብዙ አይፈትሽም። ፍተሻው ስናስፈልገው የምናበራው፣ ስንጨርስ የምናጠፋው የማረጋገጫ ሌየር ሆኗል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፤ ኃላፊነቱ ግን ከድራይቨር ጸሐፊው ወደ እኛ ዞረ ማለት ነው። ሌየሩ ጠፍቶ የተሳሳተ ፕሮግራም በአንዱ ካርድ ላይ ቆንጆ ሥዕል አውጥቶ፣ በሌላው ላይ ማሽኑን ሊያደርቀው ይችላል።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን በቩልካን ለመሥራት ያሰባችሁ ጓደኞቼ፣ ሌየሩን ከመጀመሪያው ቀን አብሩት። «በኔ ማሽን ላይ ይሠራል» ማረጋገጫ አይደለም። የሜሳን ኮድ ማየት የሚፈልግ ካለ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ አብረን እናንብብ።