ጉዝጓዝ

ጉዝጓዝ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የበዓል ዋዜማ ቄጠማ ነው፤ እናቴ በታጠበ ወለል ላይ ስትበትነው ቤቱን የሚሞላው ያ የረግረግ ሽታ። ናይሮቢ ከመጣሁ ወዲህ ግን ቃሉን አብዝቼ የምሰማው ከአንዲት ዶሮ አርቢ የሀገሬ ሴት ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ከአናጺ መላጊያ ሥር የሚወድቀውን ቀጭን የእንጨት ልጣጭ ዶሮ ቤታቸው ውስጥ ያነጥፉትና ጉዝጓዝ ይሉታል። ጎረቤቶቻቸው ማራንዳ ነው የሚሉት።

የሚኖሩት ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ኡታዋላ ነው። ወደ ኪኩዩ ሲኬድ አፈሩ ቀይ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል። የእሳቸው ሠፈር ግን እንደ እኛ መረሬ ጥቁር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ የዶሮ ቤታቸውን ወለል ከመሬት ከፍ አድርገው በሲሚንቶ አስለስነውታል። እርጥበት ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም እንደሚመጣ ያወቁት ቀድሞ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። የዚያን ሰሞን ጎርፍ በናይሮቢ ሰው ገድሏል፤ በማታሬ ወንዝ ዳር ብዙዎች ቤታቸውን አጥተዋል። ለዶሮ ወጡ ዶሮ ልገዛ እትዬ ዘንድ የሄድኩት በዚያ ሳምንት ነው። የዶሮ ቤታቸው በር ላይ ቆሜ፣ «ምንም አይሸትም» አልኳቸው።

«ቆመህማ ምን ይሸትሃል ልጄ? ቁጢጥ በል፤ እነሱ ከሚተነፍሱበት ተንፍስ።»

ቁጢጥ ስል አፍንጫዬን ትንሽ ቆነጠጠኝ። ዶሮ ለብቻው የሚወጣ ሽንት የላትም፤ ኩሷ ላይ የሚታየው ነጩ ነገር ነው ሽንቷ። ጉዝጓዙ ሲርስ ባክቴሪያዎች ያንን ነጭ ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 25 እጁ አሞኒያ ሲሆን ዓይኗንና የመተንፈሻ አካሏን መጉዳት ይጀምራል። የሰው አፍንጫ ደግሞ ይለምዳል፤ ቀኑን ሙሉ ውስጥ የዋለ ሰው አይሸተውም። እትዬ የሚያምኑት ማለዳ በሩ ሲከፈት የሚመጣውን የመጀመሪያውን ሽታ ብቻ ነው።

ከዚያ እጃቸውን ሰደው አንድ እፍኝ ዘገኑና ጨበጡት። ሲለቁት ትንሽ ተያይዞ ወዲያው ፈረሰ። ይህ ደህና ነው። እንደ ጭቃ ድብልብል ብሎ ከቀረ እርጥቡ ተነሥቶ ደረቅ ይተካል፤ ጨርሶ ካልተያያዘም አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ከአራት እጁ አንዱ ገደማ ውሃ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ካለፈና ሙቀት ካገኘ፣ በኩስ የሚወጣው ኮክሲዲያ የተባለ የአንጀት ጥገኛ እንቁላል በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ በሽታ የሚያስይዝ ሆኖ ይበስላል። ጫጩቶቹ ጭረው የሚለቅሙት ከዚያው ወለል ላይ ነው፤ ደም የቀላቀለው ተቅማጥ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ዶሮ ከምትበላው መኖ በክብደት እጥፍ ያህል ውሃ ትጠጣለች። የሚንጠባጠብ መጠጫ ሲጨመርበት ወለሉ በአንድ ሌሊት ይበሰብሳል። የእትዬ መጠጫዎች ከጣሪያው በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ አፋቸው ከዶሮዎቹ ጀርባ ጋር እኩል ነው። በአንዱ ገመድ ላይ አምስት ቋጠሮ ቆጠርኩ። ጫጩቶቹ ባደጉ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ወደ ላይ ይሰቅሉታል። የዶሮዎቹ ዕድሜ እዚያ ገመድ ላይ ተጽፎ አየሁ፤ ከዚያ ቤት ሁሉ ልቤን የነካው እሱ ነው።

በሰኔና በሐምሌ የናይሮቢ ብርድ ሲጠና ብዙ አርቢ ግድግዳውን በላስቲክ ይጠቀልላል። ለዶሮዎቹ አዝኖ ነው፤ ነገር ግን ትንፋሻቸው መውጫ አጥቶ ተመልሶ ጉዝጓዙን ያርሳል። እትዬ ታችኛውን ይሸፍኑና ከጣሪያው ሥር ያለውን ወንፊት ሽቦ ክፍት ይተዉታል።

አንዲቷን ይዘው እግሯን ገለበጡልኝ። የውስጥ እግሯ ንጹሕ ነበር። እርጥብ ላይ የከረመች ዶሮ እዚያ ላይ ጥቁር ቁስል ታወጣለች፤ ያማታል፣ መቆም ትጠላለች። እስከዚያ ቀን ዶሮ ስገዛ ኩክኔዋን አይቼ፣ ደረቷን ዳብሼ ነበር የምመርጠው። እግሯን ገልብጦ ማየት ለምን ሳላስበው እንደኖርኩ ቆጨኝ።

ሁለት ዶሮ አሳስረው በር ድረስ ሸኙኝ። «ስትመለስ በንጎንግ መንገድ ካሉት አናጺዎች ሁለት ጆንያ አምጣልኝ። ውስጡ ድረስ እጅህን ከተህ እይልኝ፤ ዝናብ የነካው ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ የጫጩቶቼን ሳንባ ይይዝብኛል።»