ኳ… ኳ… ኳ…

ካቻምና እዚህ ሲያትል አንዲት ያረጀች ትንሽ የሸራ ጀልባ ገዝቼ ፎቶዋን ስለጥፍ፣ «ቲቸር፣ በዚህ ዕድሜዎ!» ብላችሁ የሳቃችሁብኝን አልረሳሁም። ባለቤቴማ በአንድ ተረት ነው የዘጋችው፦ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!»

እውነት ለመናገር በመግዛቴ ተጸጽቼ አላውቅም። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ወጥታችሁ፣ የሬኒየር ተራራ በረዶውን ተከናንቦ በደቡብ በኩል ሲታያችሁ፣ የሳምንቱ ድካም ሁሉ ይረሳል። ግን ጀልባዋ አንድ ዓመል ነበራት። ነፋሱ ረገብ ብሎ ሞገዱ ከጎን ሲመታት፣ ከሆዷ ውስጥ ኳ… ኳ… ኳ። ልክ ሰው በር እንደሚያንኳኳ። የልጅ ልጄ «አባባ፣ ማነው ከታች ያለው?» ትለኝ ነበር።

እኔስ ምን አደረግኩ? ሬዲዮ ከፈትኩ። ድምፁ ሲብስ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ። «አሮጌ ናት፤ ጠባይዋ ነው» እያልኩ ሁለት በጋ አሳለፍኩ። የነቃሁት ዘንድሮ ልጅቷ «ያንኳኳል፤ አልሄድም» ብላ እምቢ ስትለኝ ነው።

የሚያንኳኳው ምን መሰላችሁ? ጣና ዳር ያደጋችሁ ታንኳን ታውቃላችሁ። ከደንገል የተሠራች፣ ሆዷ ዝርግ፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ። የሸራ ጀልባ ግን ሌላ ጣጣ አላት። ነፋስ ከጎን ሲመታት ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን መንሸራተት ይቀናታል። ስለዚህ መሃል ሆዷ ላይ ጠባብ ሳጥን ተሠርቶላት፣ በሱ ውስጥ አንድ ሳንቃ እንደ ቢላ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሴንተርቦርድ ይሉታል። ነፋሱ ሸራውን በአንድ በኩል ይገፋል፣ ውሃው ሳንቃውን በሌላ በኩል ይይዛል፣ ጀልባዋ በሁለቱ መሃል ወደ ፊት ትወጣለች። የብርቱካን ፍሬ በሁለት ጣት ስትጫኑት ተፈናጥሮ እንደሚያመልጣችሁ ማለት ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ «አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሌላውን አትንኩ!» እያልኩ ስንት ጊዜ ጮኼባችኋለሁ! የራሴን ትምህርት ለራሴ ለማስተማር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። መልህቅ ጥዬ ቆምኩና አንድ በአንድ ሞከርኩ። የምሰሶዋን ገመዶች አጠበቅኩ፤ ድምፁ አለ። መሪዋን ነቅዬ አስቀመጥኩ፤ ድምፁ አለ። ሳንቃውን በገመዱ ስቤ ወደ ላይ ሰቀልኩት፤ ጸጥ። መልሼ አወረድኩት፤ ኳ!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀልባዋን አወጣናትና በአራት ጓደኞቼ እርዳታ አሮጌ ጎማዎች ላይ በጎኗ አስተኛናት። (ጓደኞቼ ከሠሩት ይልቅ ቡና እየጠጡ የሳቁብኝ ይበልጣል።) ሳንቃው ሲወጣ አብሮት አንድ የበሰበሰ የምንጣፍ ቁራጭ ወጣ። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ድምፁን ለማፈን ክፍተቱ ውስጥ የጠቀጠቀው ነው። እሱን ሳይ እጄ ቆመ። ለምን እንደቆመ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ካሊፐሬን አውጥቼ ለካሁ። የሳጥኑ ውስጥ 31 ሚሊ ሜትር፣ ሳንቃው 19። የ12 ሚሊ ሜትር ክፍተት! የድሮው ሳንቃ ተበላሽቶ ይሆናል፣ አንዱ በቀጭን ኮምፔርሳቶ ተክቶታል። የባሰው ግን ሳንቃው የሚንጠለጠልበት ብሎን ነበር። 12 ሚሊ ሜትር የነበረው መሃሉ ተበልቶ 9 ቀርቷል። ቀዳዳውም ክብነቱን ትቶ እንቁላል መስሏል። ያ ብሎን ሐይቁ መሃል ቢበጠስ ኖሮ ሳንቃው ሳጥኑን ሊሰብረውና ውሃ ሊያስገባብን ይችል ነበር። እኔ እኮ የልጅ ልጄን ይዤ ነው ሬዲዮ ከፍ አድርጌ የምንሸራሸረው!

ጥገናው ከባድ አይደለም። የተበላውን ቀዳዳ አስፍቼ የነሐስ ቱቦ ከተትኩበት፣ ዙሪያውን በኢፖክሲ ሞላሁት። ከማይዝግ ብረት የተሠራ አዲስ ብሎን ገዛሁ፤ ውሃ እንዳያስገባ በሁለቱም በኩል ጎማና ሮንዴላ አድርጌ በዳዶ አሰርኩት።

ለክፍተቱ የሚንሸራተት፣ ውሃ የማይጠጣ ፕላስቲክ ያስፈልግ ነበር። ዓይኔ ኩሽና ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የሽንኩርት መክተፊያ ላይ አረፈ። ወዲያው ቆርጬ በኢፖክሲ ለጠፍኩት። በማግስቱ በጣቴ ነካ ሳደርገው ተላቆ ወደቀ። ለካ የመክተፊያ ፕላስቲክ ፖሊኢትሊን ነው፤ ሙጫ በቀላሉ አይዘውም። ስለዚህ በቪቴ አሰርኩት፤ ጭንቅላታቸው ሳጥኑን እንዳይፍቅ ወደ ውስጥ አስመጥኳቸው፤ ውሃ ወደ እንጨቱ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን አሸግኩ። ያሰርኩትም ሳንቃው ወርዶም ቢሆን ሳጥኑ ውስጥ በሚቀረው በላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው። በግራ 5፣ በቀኝ 5፤ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሆን ብዬ ተውኩ። እንጨት በውሃ ያብጣል፣ አሸዋም ይገባል፤ ድርቅ አድርጋችሁ ካጠበቃችሁት ሳንቃው ይነክስና አልወርድም አልወጣም ይላል። ማጥበቅም ልክ አለው።

ሥራው አልቆ ዕቃዬን ስሰበስብ ባለቤቴ በመስኮት ብቅ አለች። «አንተ! መክተፊያዬ የት ገባ?» ዋናው ወጪ እሱ ሆነ።

ትናንት ወጣን። የልጅ ልጄ ጆሮዋን ወለሉ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ሞገዱ መጣ፣ ጀልባዋ ተወዛወዘች፣ የውሃው ሽውታ ብቻ። «ሄደ!» አለች። ሬዲዮውንም አልከፈትኩም።

አሁን ወደ ምንጣፉ ልመለስ። በ1991 ዓ.ም. ባሕር ዳር 10ኛ ክፍል ሳስተምር፣ ክፍሉ ውስጥ ሰባ ምናምን ተማሪ ነበር። ፊቴን ወደ ሰሌዳው ባዞርኩ ቁጥር ከኋላ ረድፍ ኳ… ኳ… ይላል። አንድ ልጅ ነው። «አንተ፣ ውጣ!» አልኩት። በሌላ ቀን ደገመ፤ ደግሜ አስወጣሁት። በሦስተኛው ፀሐይ ላይ አንበረከክሁት። «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም፣ ዴስኩ ነው» ሲለኝ እንደ ድፍረት ቆጠርኩት።

ዓመቱ አልቆ ዴስኮቹን ስናወጣ የሱን ገለበጥኩት። የአንድ እግሩ ብሎን የለም። በክፍተቱ ውስጥ ተጣጥፎ የተጠቀጠቀ የደብተር ወረቀት አገኘሁ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ እየተጨመረበት። ስዘረጋው እኔው ያጻፍኩት የፍሪክሽን ኖት ነው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከገዛ ደብተሩ እየቀደደ ድምፁን ለማስቆም ሲታገል ነበር የከረመው።

በሚቀጥለው ዓመት ኮሪደር ላይ አገኘሁት። አንገቱን ደፍቶ «ደህና አደሩ፣ ቲቸር» አለኝ። «ደህና» ብዬ አለፍኩ። አንዲት ቃል ለመናገር የመምህርነት ክብሬ በለጠብኝ።

ከእናንተ መካከል ዛሬ መምህራን የሆናችሁ አላችሁ። የሚያንኳኳ ነገር ስትሰሙ ልጁን ከማስወጣታችሁ በፊት ዴስኩን ገልብጡት።

አንተ ደግሞ፣ ስምህን አልጽፍም። ይህን የምታነብ ከሆነ ራስህን ታውቀዋለህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ልክ ነበርክ፤ ዴስኩ ነበር።